ደመወዟን የምፈርመው እኔ ነኝ

ጅማ ውስጥ የግድግዳ ሥዕል የሚያሠራውን ማኅበር፣ በተለይም ደመወዝ መክፈሉን የሚነቅፍ ጽሑፍ ሰሞኑን ወጥቷል። መጀመሪያ የላከልኝ የእህቴ ባል ነው። ከሥሩ «አንተን ነው እንዴ?» ብሎበታል። ቀጥሎ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ላከው። ማታ ላይ የእድራችን የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ገባ። በሁለት ቀን ውስጥ ጅማ ላይ ስልክ ያለው ሰው ሁሉ ያነበበው መሰለኝ።

አዎ፣ እኔንም ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልናገር። ሠዓሊ አይደለሁም፤ ሙያዬ ሒሳብ ነው። እዚህ ጅማ ውስጥ በመንገድ ዳር ግድግዳዎች ላይ ሥዕል የሚያሠራ አንድ ትንሽ ማኅበር አለ። ለትርፍ አይሠራም። እኔ ከሥራ ስወጣ የዚህ ማኅበር ገንዘብ ያዥ ነኝ። አምስት ሳንቲም አይከፈለኝም። ሥራ አስኪያጇ ግን ደመወዝተኛ ናት። በየወሩ ቼኳ ላይ ከሚፈርሙት ሁለት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። ጽሑፉ «በሥዕል ስም የሚኖሩ» የሚላቸው እሷንና መሰሎቿን ነው። ታዳላለህ ካላችሁኝ አዳላለሁ። አውቃችሁት አንብቡ።

በቅድሚያ ጸሐፊው ያሉትን እንዳሉት ላስቀምጥ። ያላሉትን ብለዋል ብዬ ብመታ ድካም የለውም፤ ፍሬም የለውም። ጸሐፊው የጅማ ልጅ ናቸው፤ የሚኖሩት አዲስ አበባ ነው። ለበዓል መጥተው ወደ አዌቱ ወንዝ ሲወርዱ የግድግዳ ሥዕሎች አዩና ወደዷቸው። ማን እንዳሠራቸው ሲጠይቁ ማኅበር መሆኑን ሰሙ፤ ማኅበሩ ተቀጣሪ እንዳለውም ሰሙ። የተናደዱት እዚህ ላይ ነው።

የሚሉት ባጭሩ ይህን ነው። ጥበብን የሚወድ ሰው በነፃ ይሠራል፤ ለቀለም ከተሰጠ ብር ደመወዝ መውሰድ ከሙዳየ ምጽዋት መቆንጠር ነው። እነዚህ ሰዎች ራሳቸው መሳል አይችሉም፤ በሠዓሊው ላብ የሚኖሩ ደላሎች ናቸው፤ ብሩ በቀጥታ ለሠዓሊው ይሰጥ። የሕዝብ መንገድ ላይ ምን እንደሚሳል እንዲወስኑ ማንም አልመረጣቸውም፤ ሥራው የማዘጋጃ ቤት ነው። ውሃና መንገድ ሳይሟላ ሥዕል ቅንጦት ነው። ሐሳቡም ከፈረንጅ የተቀዳ ነው። ደግሞስ ቀለሙ በሁለት ክረምት ይለቃል፤ ብሩን ዝናብ በላው ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ስለ አንድ የብረት ሰሌዳ ያነሱት ነገር አለ፤ እሱን እኔም መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ጥሩ ተጽፏል፤ ሁለት ቦታ ላይ ስቄያለሁ። «ደላላ» የሚለው ላይ ግን አልሳቅሁም።

ከደመወዙ ልጀምር፤ ሰው ሁሉ ያወራው እሱን ነው። «የሚወድ በነፃ ይሠራል» ሲባል ጆሮ ላይ ደስ ይላል። እስቲ ወደ እድራችን እንመለስ። ጡሩምባ ነፊው ይከፈለዋል። ሟቹን ስለማይወድ አይደለም። ሌሊት ተነስቶ፣ በጭቃና በውሻ መሃል ሠፈሩን የሚያዳርስ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው «ዛሬ አልተመቸኝም» እንዲል አንፈልግም። የሚከፈለው ለዚህ ነው። ጡሩምባ ነፊው የእድር ብር በላ ያለ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም።

ደግሞ በነፃም ሞክረነዋል። ማኅበሩ ሲጀመር ደመወዝተኛ አልነበረውም። አስተባባሪያችን አስተማሪ ነበር፤ ጎበዝ፣ ለነገሩ የተሰጠ ሰው። ፈተና ደረሰ። እሱ የተማሪ ወረቀት ሲያርም የፈቃዱ ደብዳቤ መሳቢያው ውስጥ ሰነበተ። ደብዳቤው ከመሳቢያ ሲወጣ የፈረሙት ኃላፊ ተቀይረዋል። አዲሱ ኃላፊ «እኔ የማውቀው ነገር የለም» አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ክረምት ገባ። መስከረም ላይ መጋዘን የምንላትን ጠባብ ክፍል ስንከፍት ሦስት ቆርቆሮ ቀለም ጠጥሮ አገኘን። አንዱን በቢላ ወጋሁት፤ ቢላው ታጠፈ። ያ ቀለም የሰው ብር ነበር። ደመወዝ የሚባል ነገር ሳይኖር የጠፋ ብር ነው። ማንም ግን አልጻፈበትም፤ ክፍል ውስጥ የደረቀ ቀለም መንገደኛ አያየውምና።

ጸሐፊው ማኅበራት «የፈለጉትን ያህል ለራሳቸው ይቆርጣሉ» ብለዋል። ይሄ ልክ አይደለም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከድርጅቱ ጠቅላላ ገቢ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል። የአስተዳደር ሠራተኛ ደመወዝ፣ የቢሮ ኪራይ፣ የኦዲት ክፍያ፣ መብራት፣ ውሃ፣ ኢንተርኔት፣ የባንክ አገልግሎት ክፍያ ሳይቀር እዚያ ውስጥ ይቆጠራል። የሥራና የሒሳብ ሪፖርትም በየዓመቱ ይቀርባል። ከዚያ በፊት የነበረው አዋጅ 621/2001 ጣሪያው 30 በመቶ ነበር። ሲሰሙት ሰፋ ያለ ይመስላል። በተግባር ግን አነቀን የሚሉ ድርጅቶች ብዙ ነበሩ፤ መመሪያው ከፕሮጀክቱ ሥራ የማይነጠሉ ወጪዎችንም አስተዳደር ውስጥ ይጨምር ነበርና። አዲሱ ሕግ ይህን ለየው። ፖንቴ በሚባለው የግንባታ መወጣጫ ላይ ወጥታ የምትስል ሠዓሊ የምታገኘው ክፍያ አስተዳደር አይደለም። የእኔ የደረሰኝ ፋይል መግዣ ግን አስተዳደር ነው። ተገቢ ነው፤ እኔም ግድግዳ ላይ አልወጣም።

አንድ ነገር ልቀበል። ጸሐፊው የሚጠሉት ዓይነት ድርጅት አለ። ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ስለ ድህነት ተወያይቶ፣ አበሉን ፈርሞ፣ በላንድክሩዘር የሚመለስ አለ። ሁላችንም አይተናል። አንዳንዶቻችን አበሉንም ፈርመናል። ከዚያ ልምድ ተነስቶ መጠርጠር ነውር አይደለም። የጠረጠረ ሰው ግን የኦዲት ሪፖርቱን ይጠይቃል። ጸሐፊው አልጠየቁም፤ ቢሯችን ከቆሙበት ግድግዳ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም።

ወደ ደላላው እንሂድ።

«መሳል የማይችሉ ሰዎች ለምን ያስፈልጋሉ?» ነው ጥያቄው። መልሱን በአንድ ግድግዳ ልንገራችሁ። ወደ አዌቱ በሚወርደው መንገድ ዳር የአንድ ነጋዴ መጋዘን አለ፤ ጀርባው ለመንገዱ ነው። ርዝመቱ በእኔ እርምጃ አሥራ አራት ነው። ሠዓሊዋ ንድፉን ጨርሳለች። ባለቤቱ ፈቅደዋል። ቀለም ተገዝቷል። አንድ እሁድ ከሰዓት ዝናብ ሲጥል ሥራ አስኪያጇ ጃንጥላ ይዛ ሄደችና ግድግዳው ሥር ቆመች። የላካት የለም። ዝም ብላ ቆማ ስታይ የጣሪያው አሸንዳ መገጣጠሚያው ላይ ተከፍቷል። ውሃው ወደ ውጭ አይፈስም፤ በልስኑ ጀርባ ወደ ታች ይሄዳል። ፊት ለፊት ለቆመ ሰው ምንም የለም። ጎንበስ ሲሉ ግን ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ግድግዳው ነጭ ጨው አውጥቷል። በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል።

ሰኞ ጠዋት «አሸንዳው ሳይጠገን ብሩሽ አይነሳም» አለች።

ሠዓሊዋ ተቆጣች፤ ለዚህ ሥራ ብላ ሌላ ትታለች። ባለቤቱ ተቆጡ፤ «ግድግዳዬን በነፃ ሰጥቼ ጭራሽ ጣሪያ አሳድስ?» አሉ። እኔም ተቆጣሁ፤ የበጀት ዓመቱ ሊያልቅብኝ ነው። ሦስት ሳምንት ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ አሸንዳው ተጠገነ። ደረሰኙ ፋይሌ ውስጥ አለ፤ ከአንድ ባልዲ ኳርትዝ ቀለም ዋጋ ያነሰ ነው። የላላው ልስን ተቀርፎ እንደገና ተለሰነ። እስኪደርቅ ተጠበቀ። ፕራይመር የሚባለው መነሻ ቀለም ተቀባ። ከዚያ በኋላ ነው ሥዕሉ የተጀመረው። ባለ ሦስት እግሯ የጅማ በርጩማ፣ ከአጠገቧ ጀበና፣ ከላይ ቀይ ፍሬ ያንዠረገገ የቡና ቅርንጫፍ።

ጸሐፊው ፎቶ አንስተው ጽሑፋቸው አናት ላይ የለጠፉት ይህንን ሥዕል ነው።

ስለ አሸንዳ ይህን ያህል ያወራሁት ወድጄ አይደለም። ጅማ ላይ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይወርዳል። እዚህ የግድግዳ ሥዕል ጠላት ተቺ አይደለም፣ ውሃ ነው። ውሃውን ደግሞ ከሥዕሉ በፊት ማየት አለብህ። ሠዓሊዋ ግድግዳውን ስታይ በርጩማ ታያለች፤ ማየትም ያለባት እሱን ነው። አሸንዳውን የሚያይ ሌላ ዓይን ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ ሽቦው ለፖንቴው ቅርብ ነው ብሎ አመልክቶ፣ መብራት የሚቋረጥበትን ቀን የሚከታተልም ሰው ያስፈልጋል። ቀበሌ ሄዶ «ነገ ተመለሺ» ተብሎ ነገ የሚመለስ፣ ከነገ ወዲያም የሚመለስ ሰው ያስፈልጋል። ሠዓሊዋን «ብሩን ውሰጂና ይህን ሁሉ ራስሽ ጨርሺ» ብንላት ምን እንደምትል ጠይቄያታለሁ። የመለሰችውን አልጽፈውም።

በሌላው ዓለምም ነገሩ ያው ነው። ክሪስቶና ዣን-ክሎድ የተባሉት ባልና ሚስት ኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ 7,503 የጨርቅ በሮች አቁመው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2005። ሐሳቡ የተነሳው በ1979 ነው። በ1981 ተከለከሉ። የተፈቀደላቸው በ2003 ነው። ሥራው ለሕዝብ የታየው 16 ቀን ብቻ። ሃያ ስድስት ዓመት ለ16 ቀን! በመካከል የነበረው ሁሉ ደብዳቤ፣ ስብሰባ፣ ድርድርና ገንዘብ ነው። ለረጅም ጊዜ ሥራዎቻቸው በክሪስቶ ስም ብቻ ይጠሩ ነበር። በ1994 ነው የዣን-ክሎድ ስም እኩል እንዲጻፍ ያደረጉት። ድርድሩና ሒሳቡም ከሥራው አይነጠልም ማለታቸው ይመስለኛል። እርግጥ እነሱ ማኅበር አልነበሩም፤ ወጪያቸውን የሸፈኑት የክሪስቶን ንድፎች በመሸጥ ነው። ይህን ለጸሐፊው እሰጣለሁ፤ ንድፉ በውድ የሚሸጥለት ሠዓሊ ገንዘብ ያዥ ላያስፈልገው ይችላል። ጅማ ውስጥ እንደዚያ የሚሸጥለት ካለ አስተዋውቁኝ።

አሁን የሚከብደው መጣ። «ማን መረጣችሁ?»

ማንም አልመረጠንም። ይህ የጽሑፉ ጠንካራ ነጥብ ነው፤ በቀልድ አላልፈውም። እንዲያውም ጸሐፊው የማያውቁትን እኔ ልጨምርላቸው። ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቻችን አንዱ ወደ መስጊድ በሚወስድ መንገድ ላይ ነበር። የግድግዳውን ባለቤት አስፈቅደናል፤ ቀበሌ ማኅተም መትቶልናል። ሠፈሩን ግን አልጠየቅንም። የሴት ፊት ተሳለ፤ ትልቅ፣ ቆንጆ ፊት። ሥዕሉ ባለቀ በሳምንቱ አንድ ሐጂ ቢሯችን መጡ። ቆጣም አላሉ። ሻይ ጠጡ፣ የቤተሰብ ደኅንነት ጠየቁ። ከዚያ «ልጄ፣ ሥዕሉን አልጠላሁትም። ግን ለሶላት ስወጣ ፊት ለፊቴ የሰው ፊት ባይቆም ደስ ይለኛል። የምንሄድበት እኛ ነን፤ ቀድማችሁ ብትጠይቁን ምን ነበረበት?» አሉ።

ምንም አልነበረበትም። ጥፋቱ የእኛ ነበር። ሠዓሊው አዘነ፣ እኛም አፈርን። ግድግዳው ተቀብቶ በላዩ ቅጠልና የሐረግ ጌጥ ተሳለ። ከዚያ ወዲህ ንድፉ ታትሞ ግድግዳው አጠገብ ባለች ጀበና ቡና መሸጫ ለሁለት ሳምንት ይሰቀላል። ሰው ቡናውን እየጠጣ አስተያየቱን ይሰጣል። አንዳንዱ ጉድ ነው። ስለ በርጩማዋ ሥዕል ቡና የምትሸጠው እትዬ እንዲህ አለችን፦ «ረከቦቱ የታለ? ጀበና መሬት ላይ የሚያስቀምጥ ምን ዓይነት ቤት ነው?» ረከቦት ተጨመረ። ጽሑፍ ግድግዳ ላይ እንዳይኖር የተወሰነውም እዚያው ነው፤ ኦሮምኛው ይቅደም አማርኛው የሚለው ክርክር ሦስት ስኒ ቡና ፈጅቶ «ሥዕሉ ራሱ ይናገር» በሚል አለቀ።

ይህ ምርጫ ነው? አይደለም። ቡና መሸጫዋ ምክር ቤት አይደለችም። ቡና የማይጠጣ ሰው ድምፁ አይሰማም፤ በሥራ ሰዓት የማይገኘውም እንዲሁ። ጸሐፊው የተሻለ መላ ካላቸው ከልቤ እሰማለሁ። «ማዘጋጃ ቤት ይሥራው» የሚለው ግን ብቻውን መላ አይሆንም። ኒው ዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1981 አንድ የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤት ሪቻርድ ሴራ የተባለውን ቀራፂ ትልቅ የብረት ግድግዳ አሠርቶ የመንግሥት ሕንፃ አደባባይ ላይ አቆመ። ርዝመቱ ከ36 ሜትር በላይ ነው፤ አደባባዩን ለሁለት ከፈለው። እዚያ የሚሠሩት ሰዎች በየቀኑ ዞረው መሄድ ሰለቻቸው። በ1985 የሕዝብ መድረክ ተካሄደ፤ በ1989 ብረቱ ተነስቶ ሄደ። ያሠራው መንግሥት ነው፤ ሐጂ እኛን የጠየቁንን ጥያቄ ግን ያንንም መንግሥት ሰው ጠይቆታል።

ለሌላው ወገንም ምሳሌ ልስጥ፤ ጸሐፊው ሊያነሱት ይችሉ ነበር። የአሜሪካዋ ፊላዴልፊያ የግድግዳ ሥዕል ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረው ከተማዋ በራሷ ባቋቋመችው ሥራ ነው። ግድግዳ የሚያበላሹ ወጣቶችን ወደ ሥዕል ለማምጣት የተቀጠረችው ጄን ጎልደን ደግሞ ራሷ ሠዓሊ ናት። ዛሬ ከተማውና ለትርፍ ያልቆመው ድርጅት አብረው ይሠሩታል። በሺዎች የሚቆጠሩ ግድግዳዎች ተስለዋል። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤት ይግባ ከተባለ እኔ በሁለት እጄ አጨበጭባለሁ። ያኔም ግን ደብዳቤውን የሚያመላልስ፣ አሸንዳውን የሚያይ ሰው ደመወዝ ይበላል። ደመወዙ ከሌላ ሣጥን ይወጣል እንጂ አይቀርም።

ደግሞ አንድ ነገር ይገርመኛል። የሱቅ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በለስላሳ መጠጥ ቀይ ሲቀባ፣ በስልክ ኩባንያ ቀለም ሲቀባ፣ «ማን መረጣችሁ?» የሚል ጽሑፍ አላየሁም። ያንን ሁላችንም ለምደነዋል። በርጩማ ሲሳል ነው ዴሞክራሲ ትዝ የሚለን።

ውሃና መንገድ ይቅደም ለሚለው ብዙ አልቆይም። የውሃ ቧንቧ በጀትና የእኛ ብር አንድ ኪስ ውስጥ አይደሉም። የቀለም ብር የሰጠን ሰው «አልፈልግም፣ ቧንቧ ግዛበት» ብንለው ብሩን መልሶ ይወስዳል፤ ቧንቧው አይመጣም። ጅማም ውሃዋና መንገዷ እስኪሟላ ሠርግ አላቆመችም፣ ዘፈን አላቆመችም፣ በርጩማ መፈልፈል አላቆመችም። ሆኖም በሥዕል ብቻ ሠፈር ይለወጣል የሚሉ ወዳጆቼንም አላምናቸውም። መጋዘኑ ጀርባ ድሮ ቆሻሻ ይደፋ ነበር። ሥዕሉ ሲያልቅ ቆመ። ሁለት ወር ቆመና ተመለሰ። አሁን የሚደፋው ከበርጩማዋ ትንሽ ራቅ ብሎ ነው። ይህን በሪፖርታችን ላይ እንዳለ ጽፈነዋል፤ ለጋሹም አንብቦታል።

«ከፈረንጅ የተቀዳ» ለሚለው ግማሹን እሰጣለሁ። ሥራውን በማኅበር ማደራጀት አዎ፣ ከውጭ የመጣ ነው። እዚያው ፊላዴልፊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1872 ለአደባባይ ጥበብ የተቋቋመ ማኅበር እስከ ዛሬ አለ። የኒው ዮርኩ ፐብሊክ አርት ፈንድ በ1977 ነው የተቋቋመው። ስለ ቅርጹ አልከራከርም። ግን የራሳችን የምንለውስ? ስድስት ኪሎ ያለውን የየካቲት 12 ሐውልት የሠሩት አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች የተባሉ ዩጎዝላቮች ናቸው። አራዳ ጊዮርጊስ ያለውን የምኒልክን ሐውልት የሠራው ጀርመናዊ ነው፤ ጣሊያን በወረራው ጊዜ አንስቶ ደብቆት ከነፃነት በኋላ ተመልሶ ቆመ። ሠሪው ፈረንጅ ነው ብሎ «የእኛ አይደለም» ያለ አልሰማሁም። የራሳችን ያደረጋቸው የደረሰብን ነገርና እኛ መጠበቃችን ነው።

ደግሞ ጅማ መሳል ከማንም አልተማረችም። ከእኛ ጋር ከሠሩት አንዱ ትምህርት ቤቱ የሱቅ ማስታወቂያ ነው። የፀጉር ቤት በር ላይ ጎፈሬ፣ የሥጋ ቤት ግድግዳ ላይ በሬ ሲስል የኖረ ሰው ነው። በሬው ዓይን ውስጥ የሚያስቀምጣትን ነጭ ነጥብ ያየ ሰው «ይህ የፈረንጅ ነው» አይልም። በርጩማዋንም ተመልከቱ። ከአንድ ግንድ ተፈልፍላ፣ ሳትገጣጠም፣ ምስማር ሳይመታባት፣ ያውም መቀመጫዋ ለሰው ተስማሚ ሆና ትወጣለች። ሠዓሊዋ ለሥዕሉ ስትዘጋጅ ሦስት ቀን ገበያ ውስጥ ከአንድ ጠራቢ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ለጠራቢው የቀን አበል ከፍለነዋል። እሱም ሒሳብ ውስጥ አለ፤ «የሥልጠና ወጪ» ብዬ ነው የመዘገብኩት። ኦዲተሩ «ማን ነው ሠልጣኙ?» ሲለኝ ሠዓሊዋ ናት አልኩት።

ቀለሙ ይለቃል ለሚለው፣ አዎ፣ ይለቃል። ውጭ የዋለ ቀለም ፀሐይና ዝናብ ይፈራረቁበታል። ቀዩ ይደበዝዛል፣ ከታች ጭቃ ይረጨዋል። ጸሐፊው «ሁለት ክረምት» ያሉት ግን ባልተዘጋጀ ግድግዳ ላይ ለተሳለ ሥዕል ነው። በደንብ ለተዘጋጀው አይደለም። ልዩነቱን ያመጣው ከላይ የነገርኳችሁ አሸንዳ ነው። ደግሞ የማይጠገን የሕዝብ ጥበብ የትም የለም። አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1961 ለአፍሪካ አዳራሽ የሠሩት የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ነው፤ ቤት ውስጥ ሆኖ እንኳ መታደስ አስፈልጎታል። አዳራሹ ታድሶ የተከፈተው በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ነው። እዚህ ጅሬን ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እንጨት ነው፤ ጅማ ውስጥ እንጨት ምን እንደሚሆን ለጅማ ሰው አልነግረውም። «ይበላሻል፣ ስለዚህ አይሠራ» የምንል ከሆነ ቤትም አንሠራ።

እዚህ ላይ ግን ደካማ ጎናችንን ልናገር። ለአዲስ ሥዕል ብር ማግኘት ይቻላል፤ ለጥገና ማግኘት አይቻልም። ለጋሽ ሪባን መቁረጥ ይወዳል። «ያለፈው ዓመት በርጩማ እግሯ ደብዝዟል» ብለህ ደብዳቤ ብትጽፍ መልስ አይመጣም። ስለዚህ አሁን ከእያንዳንዱ ሥራ ትንሽ ለጥገና ቀድመን እናስቀምጣለን። ከመጀመሪያው ማድረግ ነበረብን። ሦስት የቆዩ ግድግዳዎቻችን ላይ ስለማፍር በዚያ በኩል አላልፍም፤ ጸሐፊውም በዚያ በኩል አልፈው ነበር መሰለኝ።

የብረት ሰሌዳው ቀረ። ጸሐፊው በመጨረሻው አንቀጽ እንዲህ ብለዋል፤ ከሥዕሉ ሥር በተተከለው ሰሌዳ ላይ የለጋሹ ምልክት አለ፣ የማኅበሩ ስም በትልቁ አለ፣ የሠዓሊዋ ስም የለም። እውነት ነው። ደጋግሜ አንብቤው ማምለጫ አጣሁለት። የሰሌዳውን ክፍያ የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ጽሑፉን አንብቤ ነው የፈረምኩት። ለጋሹ በውሉ ላይ ምልክቱ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚሆን ጽፏል። ስለ ሠዓሊዋ ስም ግን ውሉ ምንም አይልም፤ እኛም አላልንም። እሷም አልጠየቀችም። አለመጠየቋ እኛን ነፃ አያወጣንም።

ጽሑፉ በወጣ በአራተኛው ቀን ሠዓሊዋ ቀጭን ብሩሽ ይዛ መጣች። ከበርጩማዋ ሦስተኛ እግር ሥር በነጭ ቀለም ስሟን ጻፈች፤ ትንሽ አድርጋ። ቡና የምትሸጠው እትዬ ጎንበስ ብላ አነበበችውና «አሁንም አይታይም፣ አጉልቺው» አለቻት። አጎላችው። ብሩሹን ስታጥብ «የደብዳቤዋ ሴትዮስ ስም አይጻፍም?» ብላ ጮክ ብላ ጠየቀች። ሥራ አስኪያጇ መንገዱ ማዶ ቆማ በስልክ ስለሚቀጥለው ግድግዳ ከአንድ ሰው ጋር እየተሟገተች ነበር፤ አልሰማችም።